ሴቭድ ሜሴጅሽ ማኅደር አይደለም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ቀን የግል ክሊኒክ ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ማታና ቅዳሜ የኬክ ትዕዛዝ እሠራለሁ። ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ከ4000 በላይ ነገር ተከምሯል። የኬክ አሠራር፣ የደንበኛ አድራሻ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ‹አንድ ቀን እሠራዋለሁ› ያልኩት ሐሳብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ባለፈው የልጄን የልደት ካርድ ፎቶ ስፈልግ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሐሳብ የተሞሉ አራት ደብተሮችም አሉኝ፣ ገልጫቸው አላውቅም። የትኛውን አፕ ልጠቀም?»

አቦ፣ አፑን ለጊዜው እንተወው። እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሸልፍ ስለጎደለ ብቻ የጠፋ ወረቀት አላጋጠመኝም። ወረቀት የሚጠፋው ስናስቀምጠው የሰጠነው ስምና ስንፈልገው በአእምሯችን የሚመጣው ስም ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። አፕ ሸልፍ ነው። ኖሽን በይው፣ ጉግል ኪፕ በይው፣ ሸልፍ ነው። ያንን 4000 ነገር እንዳለ ወደ አዲስ ሸልፍ ብታጓጉዢው በሦስት ወር ውስጥ ሁለት የተዝረከረከ ሸልፍ ይኖርሻል። (አንቺ ስላልኩሽ ይቅርታ አልጠይቅም። ድሬ ውስጥ ማን ማንን እርስዎ ይላል?)

ሴቭድ ሜሴጅሽ ውስጥ ያሉት ነገሮች መልካቸው አንድ ነው፣ ሁሉም ፎቶና ጽሑፍ ናቸው። ካንቺ የሚፈልጉት ግን ለየቅል ነው። የልደት ካርዱ ምንም አይጠይቅሽም፣ ስትፈልጊው ከተገኘ በቂ ነው። «ለቅዳሜ ባለሁለት ደረጃ፣ ነጭ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ይጻፍበት» የሚለው መልእክት አሁኑኑ እንድትነሺ ይፈልጋል። «በተምር የሚሠራ ኬክ ብሞክርስ?» ያልሽው ደግሞ ዛሬ ምንም አይፈልግም፣ ጨርሰሽ እንዳትረሺው ግን ይፈልጋል። ሦስቱን አንድ ጆንያ ውስጥ ስትከቻቸው የልደት ካርድ ልትፈልጊ ገብተሽ ሃያ ያልሠራሻቸው ሐሳቦች መንገድ ላይ ያፈጡብሻል፣ በመሃል አንድ መልስ ያልሰጠሻት ደንበኛ ብቅ ትላለች፣ ሆድሽ ባር ባር ይልሽና ስልኩን ትዘጊዋለሽ። ሁለት ቀን የፈጀብሽ ለዚህ ይመስለኛል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ማኅደር የምንለው ቃል ከግዕዙ «ኀደረ» የመጣ ነው፣ አደረ ማለት ነው። ማኅደር ማደሪያ ነው። የብራና መጻሕፍት የሚገቡበት፣ ማንገቻ ኖሮት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቆዳ ማኅደርም ስሙ ከዚያው ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች ሁሌ የምላቸው ነገር አለኝ፤ መረጃ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ሐሳብ ቀጠሮ ይፈልጋል። መረጃን ቀጠሮ አትስጪው፣ በየሳምንቱ የቤት ካርታ እያየሽ ምን ልትሆኚ ነው። ሐሳብን ደግሞ ማደሪያ ብቻ ሰጥተሽ አትተዪው፣ እዚያው ተኝቶ ይቀራል።

ስለዚህ እዚያው ቴሌግራም ላይ ሁለት የግል ቻናል ክፈቺ፣ ከአንቺ ሌላ አባል የሌለባቸው። አንዱን «ማኅደር»፣ ሌላውን «ቀጠሮ» በይ። የዚህ ሳምንት የኬክ ትዕዛዝ ሁለቱም ውስጥ አይገባም። እሱ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በወረቀት፣ ዱቄት በነካው እጅ ስልክ ሳትነኪ በምታይበት ቦታ ይለጠፍ።

አሁን ወደ ማኅደሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነውና።

አንድ ነገር ስታስቀምጪ ራስሽን «ይኼ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። «የምፈልገው ቀን የት ቆሜ፣ ምን ብዬ ነው የምፈልገው?» በይ። የልደት ካርዱን «ሰነድ» ብለሽ ብታስቀምጪው ትክክል ነሽ፣ ግን አታገኚውም። አንቺ የልደት ካርድ የምትፈልጊው ትምህርት ቤት ምዝገባ መስኮት ላይ ቆመሽ፣ ከኋላሽ ሰልፍ እየገፋሽ ነው። እዚያ ላይ አእምሮሽ የሚያመጣው የልጁን ስምና «ምዝገባ» የሚለውን ቃል ነው። እንግዲያው ከፎቶው ሥር እንዲህ ጻፊ፦ የልጁ ስም፣ የልደት ካርድ፣ ምዝገባ፣ ፓስፖርት፣ ፋይዳ። አምስት ቃል፣ አሥር ሰከንድ። ስክሪንሾት ያለ ጽሑፍ ዝም ያለ ሥዕል ነው። ስልኩ በፎቶ ውስጥ ያለ አማርኛ አንብቦ ያገኝልኛል ብለሽ አትተማመኚ፣ ቃሉን አንቺ ጻፊው። ከሌላ ሰው ፎርዋርድ ያደረግሽውን ነገር ኤዲት ማድረግ ስለማትችዪ ከሥሩ ሪፕላይ አድርገሽ ጻፊበት። ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቁጥርና ቀን አትርሺ። የትኛውም መሥሪያ ቤት ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠየቂው «የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?» ነው።

ቀጥሎ ፊደል። ይኼ የእኛ ጣጣ ነው። በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት አንዲት ባለጉዳይ ፋይሏ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። ስሟ ፀሐይ ነው። ሸልፉን ሁለት ጊዜ አገላብጠናል። በመጨረሻ የተገኘው «ጸሀይ» ተብሎ በ«ጸ» ረድፍ ውስጥ ነው፣ እኛ «ፀ» ላይ ስንርመጠመጥ ከርመን። ይባስ ብሎ በሁለቱም አጻጻፍ ፋይል ተከፍቶላት ግማሹ ወረቀት እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ ነበር። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለስልክሽ ግን «ፀ» እና «ጸ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሠርግ» ብለሽ ጽፈሽ «ሰርግ» ብለሽ ብትፈልጊ ባዶ ያሳይሻል። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሐምሌ» እና «ሀምሌ» እንዲሁ። በዚያ ላይ ግማሹን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊው አስቢው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለማኅደርሽ ብቻ የሚሆን ሕግ አውጪ። እኔ በግሌ ለፍለጋ በምጽፋቸው ቃላት ሁሌ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ምክንያቱም ኪቦርዱ ላይ ቶሎ ይገኛሉ። ደብዳቤ ስጽፍ ሠርግን በሠ እጽፋለሁ፣ በፍለጋ ቃል ላይ ግን «#ሰርግ» ነው። የአማርኛ መምህሬ ቢያዩኝ ያዝኑብኛል፣ ግን አገኘዋለሁ።

ቀንም እንደዚያው ነው። «08-05-2017» የሚል ፋይል አለሽ እንበል። ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው? በፈረንጅ ሜይ 8 ነው? ወይስ አሜሪካኖቹ እንደሚጽፉት ኦገስት 5? በመሃላቸው ከ7 ዓመት በላይ አለ። ስልክሽ ለፎቶ የሚሰጠው ቀን የፈረንጅ ነው፣ የክሊኒኩ ደረሰኝ የኛ ሊሆን ይችላል። አንዱን ምረጪና ዓመቱን አስቀድሚ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ዓም» ጨምሪበት። 2017-05-08-ዓም። ዓመት ከቀደመ ስልኩም ኮምፒውተሩም በራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርልሻል።

«ታዲያ ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፎልደር ልክፈት?» ብለሽ ልትጠይቂ ነው፣ ታወቀኝ። አያስፈልግም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የአይቢኤም ተመራማሪዎች 345 ሰዎች የቆየ ኢሜይላቸውን እንዴት እንደሚያገኙ አጥንተው ነበር፣ ከ85 ሺህ በላይ ፍለጋ መዝግበው። በፎልደር እየገቡ መፈለግ በአማካይ 58 ሰከንድ ሲፈጅ በቃል መፈለግ 17 ሰከንድ ነው የፈጀው። ፎልደር በመክፈት የደከሙት ሰዎች የተሻለ አላገኙም። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ከፍቶኛል፣ ሙያዬ ፎልደር መክፈት ነበርና። ግን እንግሊዝኛ ኢሜይል ውስጥ ቃል መፈለግና አማርኛ ውስጥ መፈለግ አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ፊደሉ ላይ የጨቀጨቅኩሽ።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው፣ ግን ድሬ ስለሆንሽ ሦስት ነገር ልንገርሽ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም የታተመ አይደለም፣ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ነው። በእኛ ሙቀት፣ በተለይ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ከቆየ፣ ወይ ይደበዝዛል ወይ ይጠቁራል። የተቀበልሽ ዕለት ፎቶ አንሺው፣ ለግብር የምትፈልጊውን ኮፒ አድርጊው። ሁለተኛ፣ ዋናውን የልደት ካርድ ላሚኔት አታስደርጊ። አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳትጎጂ አታላቅቂውም፣ ማኅተሙንም በጣት መዳሰስ አይቻልም። ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ በቃ። ሦስተኛ፣ ወረቀት መሬት ላይ አይቀመጥም። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም፣ ምስጥም አለ። የዋና ዋናዎቹን ቅጂ በፍላሽ አድርገሽ ከድሬ ውጪ ላለ ዘመድ ስጪ፣ ሐረር የምታምኚው ሰው ካለ እዚያ ይቀመጥ። ቴሌግራምም ቢሆን ሳትገቢበት ረጅም ጊዜ ከቆየሽ አካውንቱ ራሱን ያጠፋል፣ ብቸኛ ማደሪያሽ እንዳይሆን። አንድ ነገር ልጨምር፦ የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ሚስጥር ስልክሽ ሲጠፋ ማን እጅ እንደሚገባ እያሰብሽ አስቀምጪ። ቴሌግራም ራሱ ፓስኮድ አለው፣ አስገቢበት።

ለወረቀት አደራደር ደግሞ ኖጉቺ ዩኪዮ የሚባል ጃፓናዊ የኢኮኖሚ ምሁር ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፣ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ በጣም እወደዋለሁ። በጉዳይ መከፋፈል የለም። እያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ካኪ ፖስታ ይሰጠዋል፣ ጠርዙ ላይ ስሙና ቀኑ ይጻፋል፣ ሸልፍ ላይ ጎን ለጎን ይቆማል። አንዱን አውጥተሽ ከተጠቀምሽበት ስትመልሺው ከግራ ጫፍ ታቆሚዋለሽ። በቃ። ከወራት በኋላ ዘወትር የምትጠቀሚባቸው ሁሉ ግራ ይሰበሰባሉ፣ ያልተነኩት ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ወጥ ቤትሽን አስቢው። የጨው ዕቃ ሁሌ ከፊት ነው፣ ማንም እዚያ ይቀመጥ ብሎ አላዘዘም። የቤት ካርታን የመሳሰሉ በዓመት አንዴ እንኳ የማትነኪያቸውን ግን ከዚህ ለይተሽ አስቀምጫቸው፣ ቀኝ ጫፍ ደርሰው አንድ ቀን ልትጥያቸው ትችያለሽ።

አሁን ሐሳቦችሽ ጋ እንምጣ።

ድሬ ሐሳብ የሚጎድልበት ከተማ አይደለም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀመጪና ስሚ። በአንድ ምርቃና ሦስት ፎቅ ይሠራል፣ ሆቴል ይከፈታል፣ ከጅቡቲ ዕቃ ይመጣል። ማታ ላይ ሁሉም ይፈርሳል። ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን የምርቃና ሐሳብ ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ አላምንም፣ ጠዋት ላይ የሚያየው ሰው ስለሌለው ነው የሚሞተው። ያንቺ አራት ደብተርም ያው ነው፣ ጫት የሌለበት በርጫ።

ለምን ያስጨንቁሻል ብትይ፣ እንደ ፈረንጆች በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር አለ። ያልተጨረሰ ጉዳይ ሌላ ሥራ ስትሠሪ እየገባ ይረብሻል። ሰዎቹ ጉዳዩን ሳይጨርሱት፣ መቼና እንዴት እንደሚሠሩት ብቻ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲያወጡ ረብሻው ቀነሰ። ሐሳብ ቀጠሮ ይፈልጋል ያልኩሽ ለዚህ ነው። ዛሬ ሥሪኝ አይልሽም፣ መቼ እንደምታዪው ንገሪው ነው የሚልሽ።

አጻጻፉ ግን ወሳኝ ነው። እኔ የ2009 ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ «ቀዩ በር!!» የሚል አለ። ሁለት ቃለ አጋኖ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሌላ ምንም የለም። ያን ቀን ምን ያህል እንደጓጓሁ እጄ ይመሰክራል፣ ምን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺም «ኬክ – ተምር» ብለሽ ከጻፍሽ ያው ነው። እንዲህ ጻፊው፦ «በስኳር ፋንታ ተምር የሚገባበት ትንሽ ኬክ ሞክሬ ለሮመዳን ማፍጠሪያ በሳጥን መሸጥ። ተምሩን ከቀፊራ ገበያ። ያሰብኩት ሁለት ደንበኞች ስኳር የሌለው ስለጠየቁኝ።» ለማታውቂው ሰው የምታስረጂ ይመስል ጻፊ። ከሦስት ወር በኋላ የምታነበው አንቺ ለዛሬዋ አንቺ ባዕድ ናት።

ቀጠሮው እንዴት ይሰጣል? የፈረንጅ ቢሮዎች የቆየ ዘዴ አላቸው። 43 ፎልደር። 31ዱ ለወሩ ቀናት፣ 12ቱ ለወራት። ነገሩን በሚታይበት ቀን ወይም ወር ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። እኔ ይህን በኛ አቆጣጠር ልሥራው ብዬ ቁጭ አልኩና ደመርኩ። 30 ቀን፣ 13 ወር። 43! አንድ ፎልደር አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። ለሳምንት ያህል ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ይህን ስነግር ነበር፣ ባለቤቴ መጨረሻ ላይ ተማርራ ክፍል ለቃ ወጣች።

አንቺ 43 ፎልደር አያስፈልግሽም፣ 13 ካኪ ፖስታ ይበቃሻል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። የተምሩ ኬክ ሮመዳን ከመግባቱ አንድ ወር በፊት ባለው ወር ፖስታ ውስጥ ይገባል። ሮመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ለከርሞ ስትመልሺው የፖስታውን ወር ቆጥረሽ እንጂ እንዳምናው አታድርጊ። ስልክ ከመረጥሽ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለሽ ስትይዢው በቀን አስታውሰኝ የሚል ምርጫ ያመጣልሻል፣ ያው ሥራ ይሠራል። ቀን የሌላቸው፣ «ብር ሲኖረኝ»፣ «ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ» የሚባሉት «ቀጠሮ» ቻናል ውስጥ ይቀመጡ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይታዩ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሦስት ምርጫ ነው ያለሽ፦ ይቆይ፣ ይሠራ፣ ይጣል። «ይሠራ» ካልሽ የመጀመሪያውን እርምጃ እዚያው ጻፊ፣ ለምሳሌ «ሐሙስ ቀፊራ ሄጄ የተምር ዋጋ መጠየቅ»።

የጳጉሜን ፖስታ የእኔ ተወዳጅ ነው። እዚያ ውስጥ ምንም ሥራ አላስገባም። በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ይቆይ» ያልኳቸው ሐሳቦች ናቸው የሚገቡት። በአምስቱ ቀን (አንዳንዴ በስድስቱ) አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ፣ አብዛኞቹን ቀድጄ እጥላቸዋለሁ። መዝገብ ቤት ውስጥ ማስወገድም ሥራ ነው። ባለፈው ጳጉሜን የጣልኩት በጓሮዬ ዶሮ የማርባት ሐሳብ ነበር። ለስድስት ዓመት ያህል ተሸክሜዋለሁ። ዶሮ አልወድም እኮ።

ስለ 4000ው ልንገርሽና ልጨርስ። አትንኪው። አንድ በአንድ ላስተካክል ብለሽ ከጀመርሽ በሁለተኛው ቀን ትተዪዋለሽ፣ አዲሱንም አብረሽ ትተዪዋለሽ። ዛሬ ሁለቱን ቻናል ክፈቺ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው ብቻ በአዲሱ ሥርዓት ይግባ። የድሮው እንዳለ ይቀመጥ። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ፈልገሽ ባገኘሽ ቁጥር እሱን ብቻ ቃል ጽፈሽበት ወደ ማኅደር አሻግሪው። የሚያስፈልግሽ በራሱ ጊዜ ይሻገራል፣ የቀረው እዚያው ይቅር። ዛሬ ማታ ግን አምስቱን አሻግሪ፦ የልደት ካርዱን፣ ፋይዳውን፣ የንግድ ፈቃድ ካለሽ እሱን፣ የቤት ካርታውን ወይም የኪራይ ውሉን፣ የትምህርት ማስረጃሽን።

አራቱን ደብተሮች ግን አትጣያቸው፣ በአንድ ቁጭታ ልገልብጣቸውም አትበይ። አንድ ደብተር ለአንድ እሑድ። በእርሳስ ይዘሽ አንብቢ፣ አሁንም ልብሽን ያሞቀውን ብቻ ክበቢ፣ የተከበበውን ብቻ ወደ ቀጠሮ አምጪ። የማይገባሽ ነገር ታገኚያለሽ፣ አትጨነቂ። እኔ «ቀዩ በር!!»ን በየዓመቱ ከአንድ የጳጉሜን ፖስታ ወደ ሚቀጥለው እያሻገርኩ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ስቀድ እሱን መጣል አልቻልኩም።